ርካሽ ዌብካም ለቤተሰብ ጥሪ፦ ከካርቶኑ ቁጥር በፊት የሳሎኑን መብራት ማየት

ሀዋሳ ውስጥ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ውጭ አገር ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። አንዷ ለሥራ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ዱባይ ሄዳለች፤ ሌላው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቷል፤ ሌላው ደግሞ ዋሽንግተን ኑሮውን መሥርቷል። የሁሉም የሥራ ሰዓት ከእኛ ሰዓት ጋር ሲተያይ ለመነጋገር የሚመቸው ጊዜ ምሽት ሆኖ ይገኛል። ሳዑዲ ሰዓቷ ከእኛ ጋር እኩል ቢሆንም በሰው ቤት የምትሠራ እህት ተረጋግታ ስልክ የምታነሣው የቤቱ ሰው ወደየክፍሉ ከገባ በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ስለምትቀር ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ሲገባ እዚህም ጨልሟል። ዋሽንግተን ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወቅት በ7፣ በሌላው ወቅት በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትሆን፣ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ከቀኑ 7 ወይም 6 ሰዓት፣ ማለትም የምሳ እረፍት ነው። ዌብካም፣ ማለትም ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ ካሜራ፣ ለመግዛት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የጥራት ቁጥር በቂ ብርሃን ባለበት ስለሚገኝ ምስል የሚናገር ሲሆን፣ ካሜራው በእኛ ቤት ሥራውን የሚሠራው ግን ጀምበር ከጠለቀች በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ የኮርኒስ አምፖል ሥር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ዌብካም ያስፈልጋል ወይ የሚለው መጠየቅ አለበት። በመካከለኛ ዋጋ የተገዛ የዛሬ ስማርትፎን የፊት ካሜራ በርካሽ ከሚሸጡት ዌብካሞች ከብዙዎቹ የተሻለ ምስል ስለሚሰጥ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ሆኖ ለሚያወራ ቤተሰብ ስልኩን መደገፊያ ላይ ማቆም ይበቃዋል። ዌብካም ትርጉም የሚኖረው ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ካሜራ የሌለው ዴስክቶፕ ሲሆን፣ የላፕቶፑ ካሜራ ተበላሽቶ ወይም ከጅምሩ ደብዝዞ ሲያስቸግር፣ ወይም ዓይናቸው የደከመ አባትና እናት የልጃቸውን ፊት በትልቅ ስክሪን ማየት ሲፈልጉ ነው። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ነው፤ አንዲት አያት የስልክ ስክሪን ላይ የልጅ ልጃቸውን ለመለየት ሲታገሉ ያየ ሰው ትልቁ ስክሪን ቅንጦት እንዳልሆነ ይገባዋል። ስልኩን ራሱን እንደ ዌብካም መጠቀምም ይቻላል፤ ድሮይድካምና አይሪየን የተባሉት አፖች የአንድሮይድን ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ወይም በዋይፋይ ከኮምፒውተር ጋር አያይዘው ካሜራውን ያውሱታል፤ የአይፎንና የማክ ባለቤቶች ደግሞ ይህን አገልግሎት ከአምራቹ በነፃ ያገኙታል። አሮጌ ግን ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ቢሞክር መልካም ነው።

መግዛቱ ግድ ከሆነ ወደ ቁጥሮቹ እንሂድ። 720 ፒ የሚባለው ምስል በወርድ 1280፣ በቁመት 720 ነጥቦች ያሉት ሲሆን ሲባዛ 921,600 ፒክስል ይሆናል። ፉል ኤችዲ ወይም 1080 ፒ የሚባለው 1920 በ1080፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ፒክስል ነው። ከሁለቱም በታች ያለውና በጣም ርካሽ በሆኑት ላይ የሚገኘው 480 ፒ ግን 640 በ480 ብቻ ስለሆነ ጠቅላላ ድምሩ 307,200 ፒክስል ነው፤ ይህን ዛሬ ለማንም አልመክርም። እንግዲህ ፉል ኤችዲ ቪዲዮ ለመስጠት ከ2 ሜጋፒክስል (2 ሚሊዮን ፒክስል) ብዙም የማያልፍ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን ተቀባይ ገጽ፣ የሚበቃ ከሆነ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ዌብካም ካርቶን ላይ «12 ሜጋፒክስል» ወይም «4ኬ» ተብሎ ሲጻፍ ጥርጣሬ ማሳደር ተገቢ ነው። እውነተኛ 4ኬ 3840 በ2160፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ይጠይቃል። ርካሾቹ የሚያደርጉት ትንሹን ምስል ወስደው በመሃል የጎደሉትን ነጥቦች ከጎረቤቶቻቸው ቀለም በመገመት መሙላት ነው፤ ምስሉ ይሰፋል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም።

ይህንን ሱቅ ውስጥ ቆሞ ማረጋገጥ ይቻላል። ብዙ ሱቆች ግድግዳቸው ላይ የቀን መቁጠሪያ ይሰቅላሉ፤ ከእያንዳንዱ ቀን ቁጥር ሥር ያሉት የበዓላትና የቅዱሳን ስሞች ደግሞ ለካሜራ ጥሩ ፈተና የሚሆኑ ደቃቅ ፊደላት ናቸው። ካሜራውን ከቀን መቁጠሪያው አንድ ሜትር ያህል አርቆ አንድ ፎቶ በትንሹ ጥራት፣ ሌላ ፎቶ ደግሞ አለኝ በሚለው ትልቁ ጥራት አንስቶ ሁለቱን በስክሪኑ ላይ በእኩል መጠን አስፍቶ ማነጻጸር ነው። በትልቁ ላይ በትንሹ ያልተነበበ ፊደል ከተነበበ ቁጥሩ ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ ሁለቱም እኩል ከደበዘዙ ግን ገዢው የሚከፍለው ለካርቶኑ ኅትመት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝና ሻጮች የማያነሡት ሌላ ጉዳይ አለ። ርካሽ ዌብካሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠሩት በዩኤስቢ 2.0 ሲሆን፣ ይህ መስመር በንድፈ ሐሳብ ደረጃ በሰከንድ ቢበዛ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል። ያልታመቀ፣ ማለትም መጠኑ ያልተቀነሰ፣ ፉል ኤችዲ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ምስል ቢላክ ደግሞ ወደ 995 ሜጋቢት ስለሚደርስ በመስመሩ ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ካሜራው ራሱ እያንዳንዱን ምስል አምቆ ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ይፈታዋል፤ የጥሪው አፕ ደግሞ ለኢንተርኔት እንዲመች እንደገና ያምቀዋል። በመጀመሪያው እመቃ ላይ ርካሽ ቺፕ ያለው ካሜራ ምስሉን በሻካራው ስለሚያምቀው ጉንጭና ግንባር ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። ሁለት «1080 ፒ» የተጻፈባቸው ካሜራዎች ጎን ለጎን ሲታዩ የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዋናው ምክንያት ግን ብርሃን ነው። ሴንሰር ማለት ብርሃን የሚቀበሉ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት የተደረደሩበት ገጽ ሲሆን፣ ዝናብ ሲዘንብ ደጅ የተቀመጠ ሳፋ ከስኒ የበለጠ ውሃ እንደሚያጠራቅም ሁሉ ሰፋ ያለ ሕዋስም በዚያው ቅጽበት የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። በርካሽ ዌብካም ውስጥ ሴንሰሩ ራሱ ትንሽ ነው፤ በዚያ ትንሽ ገጽ ላይ ብዙ ፒክስል ሲጨናነቅበት እያንዳንዱ ሕዋስ የባሰ ይጠባል። በዚህ የተነሣ ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ሲሞከር 1080 ፒ የሆነው ካሜራ 720 ፒ ከሆነው በልጦ የሚታይ ሲሆን፣ ማታ ግን ነገሩ ተገልብጦ ጥሩ ሌንስና ሻል ያለ ሴንሰር ያለው 720 ፒ ካሜራ የተሻለ ፊት ሲያሳይ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ብርሃን ሲያንስ ካሜራው የሚያደርገው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ያረዝማል፤ በሰከንድ 30 ምስል ለመላክ ለአንዱ ምስል ከሰላሳኛ ሰከንድ በላይ ሊቆይ ስለማይችል፣ ያም ሳይበቃው ሲቀር የምስሉን ብዛት ወደ 15 ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። ውጤቱ እጁን ያወናጨፈ ሰው እጅ ጭስ መስሎ መታየቱ፣ ከንፈርና ድምፅም የተለያዩ መምሰላቸው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ነገር ግን ኢንተርኔቱን አጥፍቶ የኮምፒውተሩን የካሜራ አፕ ብቻ ከፍቶ ቢያይ ያው መንቀራፈፍ እዚያም ይጠብቀዋል። ሁለተኛ፣ ካሜራው ያገኘውን ደካማ ምልክት ያጎላዋል፤ ሲያጎላ ምስሉ ላይ ያለው ስህተትም አብሮ ስለሚጎላ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ በሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች ይሞላል። እነዚያን ነጠብጣቦች ለማጥፋት ሲል ደግሞ ፊቱን ያለሰልሰዋል፤ ሰውየው ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል።

ሌላው በእኛ ቤቶች በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ችግር የፊት መጥቆር ነው። ካሜራ ምን ያህል ብርሃን መቀበል እንዳለበት የሚወስነው የምስሉን አማካይ ብርሃን ለክቶ ነው። እናት ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ካሜራው ቀረብ ሲሉ ከምስሉ ብዙውን የሚይዘው ነጩ ጨርቅ ስለሚሆን፣ ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ነጠላው እንደ በረዶ እየነጣ ጠይሙ ፊታቸው ግን ዓይንና አፍ እስከማይለይ ድረስ ይጠቁራል። ነጠላዎትን ያውልቁ ማለት አይሆንም። የሚሆነው፣ በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የብርሃን መጠን ከፍ ማድረግ፣ መብራቱን ከፊት ለፊታቸው ማምጣትና ከጀርባቸው ያለው ግድግዳ ነጭ ከሆነ ቡናማ ወይም አረንጓዴ መጋረጃ ባለበት በኩል ወንበሩን ማዞር ነው። ቀን ላይ ደግሞ መስኮትን ከጀርባ አድርጎ መቀመጥ ያንኑ ችግር ያመጣል፤ ፊትን ወደ መስኮቱ ማዞር ብቻ ይፈታዋል። ፊትን ለይቶ በፊቱ ልክ ብርሃን የሚመጥን ካሜራም አለ፤ ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ነጭ ወረቀት ከፊት አጠገብ ይዞ ፊቱ መጥቆር አለመጥቆሩን ማየት ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል።

ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተቱ ጥቋቁር ሰንበሮች የሚታዩበትም ጊዜ አለ። ይህ የካሜራ ብልሽት አይደለም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ አምፖሎች፣ በተለይ ርካሾቹ ኤልኢዲዎችና ረጃጅሞቹ ፍሎረሰንቶች፣ ዓይናችን በማያየው ፍጥነት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ ይደበዝዛሉ። ካሜራው ደግሞ 60 ኸርዝ ላለው አገር ተዘጋጅቶ የመጣ ከሆነ፣ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ከዚህ ድምቀትና ድብዘዛ ጋር ስለማይገጥም ሰንበሩ ይፈጠራል። በዊንዶውስ የካሜራ አፕ ማስተካከያ ውስጥ፣ ወይም ከካሜራው ጋር በሚመጣው ፕሮግራም ውስጥ 60 ኸርዝ የሚለውን ወደ 50 ኸርዝ መቀየር በቂ ነው። ይህን ሳያውቁ ካሜራውን ወደ ሱቅ የመለሱ ሰዎች አሉ፤ ሻጩም ሳያውቅ ሌላ ይሰጣቸዋል፤ ሌላውም ያው ይሆናል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ ለዌብካም ከተያዘው ገንዘብ ጥቂቱን ቀንሶ ለመብራት ማዋል፣ ሁሉንም ለካሜራ ከማዋል የተሻለ ምስል ያመጣል። በስክሪኑ ጎን፣ ከዓይን ከፍታ ጥቂት ከፍ ብሎ የቆመ አንድ የጠረጴዛ መብራት ከኮርኒሱ አምፖል የበለጠ ያግዛል፤ የኮርኒሱ መብራት ከአናት ስለሚወርድ ከቅንድብና ከአፍንጫ ሥር ጥላ ይጥላልና። ርቀትም ይቆጠራል፤ ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር የቀረበ አምፖል ፊት ላይ የሚጥለው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። መብራቱ ዓይን የሚወጋ ከሆነ ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሮ ነጸብራቁን መጠቀም ይቻላል። በአንዳንድ ርካሽ ዌብካሞች ዙሪያ የተደረደሩት ትንንሽ መብራቶች ግን ከአንድ ክንድ ርቀት በላይ አያግዙም፤ መነጽር ያደረገ ሰው መነጽሩ ላይም ነጫጭ ነጥብ ይሆናሉ። ለእነሱ ተብሎ ተጨማሪ ብር ባይከፈል ይሻላል።

ካሜራው ስንት ሰው ያሳያል የሚለው ከብርሃን ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ይህን የሚወስነው የእይታ ማዕዘኑ ሲሆን፣ ካርቶኑ ላይ በዲግሪ ይጻፋል። ለምሳሌ ለብዙ ዓመታት በገበያ የቆየው ሎጊቴክ ሲ270 55 ዲግሪ፣ ከፍ ያለው ሎጊቴክ ሲ920 ደግሞ 78 ዲግሪ አላቸው፤ ሁለቱም ልኬቶች ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የተወሰዱ ናቸው። በ2 ሜትር ርቀት ላይ የመጀመሪያው ወደ ጎን 1.8 ሜትር ያህል፣ ሁለተኛው 2.8 ሜትር ያህል ያሳያል። ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ በመጀመሪያው ላይ ዳርና ዳር ያሉት ትከሻቸው ይቆረጣል፤ በሁለተኛው ግን ሶፋው ሙሉ ገብቶ ከጎኑ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ልጅም ይታያል። በፊቼ ጫምባላላ ወይም በፋሲካ ዕለት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ቡናው ተቀራርቦ፣ «እስቲ ሁላችሁም ታዩኝ» ሲባል ልዩነቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከ90 ዲግሪ በላይ የሆኑት ግን ዳር ያለውን ሰው ፊት ወደ ጎን ይለጥጣሉ፤ ሰው ሁሉ ይገባል፣ የዳሩ ሰው ግን ራሱን ሲያይ አይደሰትም።

ፎከስን፣ ማለትም ሌንሱ አጥርቶ የሚያሳይበትን ርቀት፣ በተመለከተ አጭር ነው። ፎከሱ በፋብሪካ የተቆለፈ ካሜራ ከግማሽ ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ኋላ ያለውን ሁሉ ደህና አድርጎ ያሳያል፤ አውቶፎከስ ያለው፣ ማለትም ፎከሱን ራሱ የሚያስተካክለው፣ ደግሞ ወረቀት ወይም የሕፃን ጥርስ አቅርቦ ለማሳየት ይጠቅማል። ርካሽ አውቶፎከስ ማታ ላይ የሚይዘውን አጥቶ ወደፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ምስሉን ያደበዝዛልና፣ በዝቅተኛ ዋጋ ከሆነ የተቆለፈውን እመርጣለሁ።

ድምፅን ሰዎች በመጨረሻ ያስባሉ፤ እኔ ከምስል ጥራት አስቀድመዋለሁ። የደበዘዘ ፊት ይታገሡታል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን ጥሪውን ያቋርጣል። ዌብካም ላይ ያለ ማይክ ሶፋ ላይ ከተቀመጡት ሁለት ሜትር ይርቃል፤ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ይቀንሳል፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ በሆነ ሳሎን ደግሞ ከድምፁ ይልቅ ማስተጋባቱ ይበረታል። በክረምት የሀዋሳ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የትኛውም የዌብካም ማይክ አያሸንፈውም። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ጥሪ ማይክ ያለው ተራ ኤርፎን ከየትኛውም ርካሽ ዌብካም ማይክ ይበልጣል፤ ሰዎቹ ሲበዙ ደግሞ ማይኩን ወደ መሃል ጠረጴዛው ማቅረብ እንጂ ካሜራው ላይ መተማመን አይጠቅምም። ውጭ ያለው ሰው የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ከተቸገረ ጥፋቱ ያለው በእኛ በኩል ነው፤ የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ እየገባ ነውና ስፒከሩን ዝቅ ማድረግ ወይም ከማይኩ ማራቅ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔቱ ይበቃል ወይ ለሚለው የዙም የራሱ መመሪያ ጥሩ መለኪያ ይሰጣል። ለሁለት ሰዎች ጥሪ በተራ ጥራት በሰከንድ 600 ኪሎቢት፣ በ720 ፒ 1.2 ሜጋቢት፣ በ1080 ፒ ደግሞ 3 ሜጋቢትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል ይላል። ይህ ወደ እኛም ከእኛም የሚሄደው እያንዳንዱ የሚጠይቀው ስለሆነ፣ በ720 ፒ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ከ1 ጊጋባይት ጥቂት ይበልጣል፤ በተራ ጥራት ከሆነ ግማሽ ጊጋ ያህል ይወስዳል። በኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ በሳፋሪኮም የሞባይል ጥቅል ገዝቶ የሚያወራ ሰው ይህን ሒሳብ ማወቅ አለበት። የእኛ ካሜራ የሚጠቀመው ከእኛ የሚወጣውን መስመር ስለሆነም የኢንተርኔት ፍጥነት ሲለካ መታየት ያለበት የመላኪያው ቁጥር ነው፤ ማውረጃው ብቻ ፈጣን ሆኖ እኛ እነሱን አጥርተን እያየን እነሱ እኛን በጭጋግ ውስጥ የሚያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። መስመሩ ሲደክም አፑ ጥራቱን ራሱ ዝቅ ስለሚያደርገው የ1080 ፒ ካሜራ ባለቤትም ከ720 ፒው ጋር እኩል ይሆናል። አሮጌ ኮምፒውተርም ፉል ኤችዲ ቪዲዮ እያመቀ ለመላክ ሲታገል ማራገቢያው ይጮኻል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። እነዚህ ሲደማመሩ ለቤተሰብ ጥሪ ደህና የሆነ 720 ፒ ይበቃል፤ እውነተኛ 1080 ፒ በትንሽ ልዩነት ከተገኘ ደግሞ የሚጎዳ ነገር የለውም።

አፕን በተመለከተ ከመግዛት በፊት አንድ ነገር ይጣራ። ብዙ ቤተሰብ የለመደው ስካይፕ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የዋትስአፕ ጥሪ ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ ስለቆየ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ቦቲምን ይጠቀማሉ፤ ሌሎች ኢሞ ላይ ናቸው። ዋትስአፕና ቴሌግራም በኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ፕሮግራማቸው የቪዲዮ ጥሪ ስለሚሠሩ ዌብካሙን ያገኙታል። ውጭ ያለው ዘመድ የሚጠቀምበት አፕ በኮምፒውተር ካልሠራ ዌብካሙ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ካሜራውን ለማስነሣት ግን ሲዲም ሆነ ከኢንተርኔት የሚወርድ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ዛሬ የሚሸጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ዩቪሲ የሚባለውን የጋራ ሥርዓት ስለሚከተሉ ዊንዶውስም፣ ማክም፣ ሊነክስም እንደተሰኩ ያውቋቸዋል። ሻጩ «ድራይቨር ይጫንለት» ካለ ካሜራው ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ማየት ይበጃል።

ስማርት ቴሌቪዥን ላይ ዌብካም ሰክቶ ለመነጋገር የሚያስቡም አሉ። ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች የትኛውንም ካሜራ አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም የጥሪው አፕ አይገኝላቸውም። አስተማማኙ መንገድ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞ ዌብካሙን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ ደግሞ የገመድ ርዝመት ይታሰብ፤ የብዙ ዌብካሞች ገመድ 1.5 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ከቡፌው ላይ ላፕቶፑ ጋ አይደርስም፤ የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋም ይህ አሠራር አይዘልቅም፤ ላፕቶፑ በባትሪው ቢቀጥልም ቴሌቪዥኑና የዋይፋይ ራውተሩ ስለሚጠፉ፣ በስልክ ሆትስፖት ወደ ላፕቶፑ ስክሪን መመለስ ግድ ይሆናል። ዌብካሙ ራሱ ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚያገኝ አይጠፋም።

ፒያሳ አካባቢ ያሉ የኮምፒውተር ሱቆች ለመግባት ሲታሰብ ዋጋን ከድሮ ትዝታ ጋር ማወዳደር አያስኬድም፤ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተቀይሯል። ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቆ የዕለቱን ማወቅ ነው። የራስን ላፕቶፕ ይዞ መሄድ ደግሞ ግዴታ ሊባል የሚገባው ነው፤ ካሜራው መሞከር ያለበት በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ነውና። ሲሞከርም ከሱቁ በር ብርሃን ጀርባ ሰጥቶ፣ ወደ ጨለማው ጥግ ዞሮ፣ እጅን ከፊት እያወዛወዙ ማየት ነው፤ ሻጩ መብራት ላብራልዎ ቢል አመስግኖ መተው። ድምፅ ቀድቶ ማዳመጥ፣ መቆንጠጫው ቀጭን ስክሪን ላይ ሳይንሸራተት መቆሙን ማየት፣ ታችኛው ክፍል ላይ የመደገፊያ ብሎን ቀዳዳ መኖሩን መመልከትም አይከፋም።

ስለ ብራንድ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሲ270 720 ፒ፣ ፎከሱ የተቆለፈ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው፤ ሲ920 1080 ፒ፣ አውቶፎከስና ሁለት ማይክ ያለው ሆኖ ለሶፋ ሙሉ ቤተሰብ ይስማማል። ሁለቱም ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ያለፈ ሞዴሎች ናቸው፤ በዚህ የዕቃ ዓይነት ግን እርጅና ነውር ስላልሆነ ያገለገለ ሲ920 በደህና ዋጋ ከተገኘ ከአዲስ ስም የለሽ «4ኬ» አስበልጠዋለሁ። ችግሩ የሎጊቴክ ስም የተለጠፈባቸው ኮፒዎች መኖራቸው ነው። «ኦርጅናል ነው» የሚለውን ቃል አምኖ ከመክፈል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ የሚወጣውን የካሜራ ስም ማንበብና ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ይሻላል፤ ኮፒው ብዙ ጊዜ ራሱን «ዩኤስቢ ካሜራ» ብሎ ብቻ ያስተዋውቃል። ስሙም መገልበጥ ስለሚችል የቀን መቁጠሪያው ፈተና አይቀርም። ደረሰኝ ተቀብሎ፣ በስንት ቀን ውስጥ መቀየር እንደሚቻል አብሮ ማስጻፍም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛው ሙከራ የሚደረገው ዕቃው ቤት ገብቶ ምሽት ላይ፣ ውጭ ካለው ሰው ጋር ስለሆነና እኛ በእነሱ ስክሪን ላይ ምን እንደምንመስል ሊነግረን የሚችለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሳሎን ውስጥ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቀመጥ ካሜራ መዝጊያ ክዳን ቢኖረው ይመረጣል። ከሌለው ጥቁር ፕላስተር ቆርጦ ሌንሱን መሸፈን፣ ወይም ጥሪው ሲያልቅ ገመዱን ነቅሎ ማስቀመጥ ይቻላል። ፕላስተሩ ሲነሣ ሙጫው ሌንሱ ላይ እንዳይቀር በሚለጠፍበት ጊዜ መሃሉ ላይ ትንሽ ወረቀት ማድረግ ይገባል።